የወላጅ ጡረታ ማንን ይጦራል?

ስለ ጡረታና ስለ ቤተሰብ ሲወራ ጥያቄው ብዙውን ጊዜ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ይነሳል፤ መንግሥት አረጋውያንን መጦር ሲጀምር ልጆች እጃቸውን ይሰበስባሉ ወይ? «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ተብሎ በሚመረቅበት አገር ይህ ስጋት መነሳቱ አይገርምም። ጥያቄው ግን ገንዘብና ጉልበት ከልጅ ወደ ወላጅ ብቻ የሚሄዱ አድርጎ ይነሳል። ወላጅ ከሥራ ከተሰናበተ በኋላም ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን ለደረሱ ልጆቹ መጠለያ፣ ምግብ፣ የኪስ ገንዘብና የልጅ ጥበቃ ሲሰጥ መኖሩ ከሒሳቡ ውጭ ይቀራል። ከደቡብ አፍሪካ እስከ ግሪክ የተከማቸውን ማስረጃ አንድ ላይ ሳነበው የሚታየኝ ሌላ ነው። ጡረታ በወላጅና በልጅ መካከል ያለውን መደጋገፍ አያቋርጠውም፤ ወላጁን ከተቀባይነት ወደ ሰጪነት ያሸጋግረዋል። እንዲህ ከሆነ የጡረታ ገንዘብ ሲያንስ፣ ሲዘገይ ወይም ኑሮ ሲወደድ ከአዛውንቱ ጋር የሚጎዳው ገና ራሱን ያልቻለው ልጅ ነው።

ሐሳቡ ለኢኮኖሚክስ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ሮበርት ባሮ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ጥናት፣ ለልጆቹ የሚያስብ ወላጅ መንግሥት ከልጆቹ በግብር ወስዶ ለእሱ የሚሰጠውን ገንዘብ በሕይወት ሳለ በስጦታ ወይም ሲሞት በውርስ መልሶ ያደርሳቸዋል ብሎ ተከራከረ። በዚህ ስሌት መንግሥት ከወጣቱ የወሰደውን ቤተሰብ ስለሚመልስለት በመጨረሻ የሚለወጥ ነገር የለም። ብዙ ምሁራን ይህን እስከ ጫፉ አልተቀበሉትም፤ እኔም ወላጆች እንዲህ በብርና በሳንቲም አስልተው ይመልሳሉ ብዬ አላምንም። ገንዘቡ የሚሄድበትን አቅጣጫ ግን ባሮ በትክክል አይቶታል። ምን ያህሉ ይወርዳል፣ በማን እጅ ያልፋል፣ ምን ሆኖ ይደርሳል የሚለውን የሚመልሰው ግን ቤት ለቤት የሚደረግ ጥናት ነው።

ደቡብ አፍሪካን ያህል ይህ ጉዳይ በቅርበት የተጠናበት አገር ማግኘት ያስቸግራል። የአገሪቱ የአረጋውያን ጡረታ እ.ኤ.አ. በ1928 ሲጀመር ጥቁሮችን አይጨምርም ነበር፤ በ1944 ሲጨመሩም የሚከፈላቸው ለነጮች ከሚከፈለው በእጅጉ ያነሰ ነበር። ክፍያው ለሁሉም እኩል የሆነው አፓርታይድ ሊያበቃ ሲል፣ በ1993 ነው። ጡረታው ቀድሞ መዋጮ መክፈልን አይጠይቅም፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያን በሙሉ ይከፈላል። አን ኬስና አንገስ ዲተን እንዳሰሉት በዚያ ዘመን ክፍያው ከጥቁር ቤተሰቦች መካከለኛ የነፍስ ወከፍ ገቢ ሁለት እጥፍ ገደማ ነበር። ሥራ በጠፋበት ገጠር፣ ሦስት ትውልድ ባንድ ጣሪያ ሥር በሚያድርበት ቤት፣ አያቲቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የቤቱ ዋና ገቢ ባለቤት ሆነች ማለት ነው። የዕድሜ ገደቡ፣ ያኔ ለሴቶች 60 ለወንዶች 65፣ ለተመራማሪዎችም ጠቀመ። የ59 ዓመት ሴት ያለችበትን ቤት የ61 ዓመት ሴት ካለችበት ጋር ማስተያየት ተቻለ፤ ሁለቱን ቤቶች በዋናነት የሚለያቸው ጡረታው ነውና።

ከዚያ የወጣው በጣም የታወቀ ቁጥር የሮበርት ጄንሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ጥናት ለአረጋዊ አንድ ራንድ ጡረታ ሲገባ ርቀው የሚሠሩ ልጆች የሚልኩት ገንዘብ ከ25 እስከ 30 ሳንቲም እንደሚቀንስ አሳየ። ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የሚያሳፍር ነገር ተደርጎ ነው፤ የመንግሥት ገንዘብ ከሩቡ በላይ «ፈሰሰ»፣ ልጆችም ወላጆቻቸውን ረሱ እየተባለ። እኔ እንደዚያ አላነበውም። በመጀመሪያ፣ ከ70 ሳንቲም ያላነሰው በአረጋዊቱ እጅ ቀርቷል። ሁለተኛውና ዋናው ነገር የቀረው 30 ሳንቲም የደረሰበት ቦታ ነው፤ በልጇ ኪስ ነው ያለው። ጆሃንስበርግ በጥበቃ ሥራ ተቀጥሮ ከደመወዙ ቀንሶ ይልክ የነበረ ሰው አሁን ያንን ለቤት ኪራዩ ወይም ለራሱ ልጆች ያውለዋል። እናቱ «አትላክ፣ እኔ አለኝ» ስትለው ገንዘብ የሰጠችውን ያህል ረድታዋለች። የተመራማሪዎቹ ሠንጠረዥ ይህን የልጅ እርዳታ መቀነስ ብሎ ይመዘግበዋል፤ ለእኔ ግን ወላጅ ለልጁ የሚሰጠው ድጋፍ አንዱ ገጽታ ነው፤ ምናልባትም ልጅን ሳያሳፍር የሚሰጥ ብቸኛው ዓይነት።

በእጅ የቀረውስ ወዴት ይሄዳል? ኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ኤስተር ዱፍሎ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመችው ጥናት የተከተለችው የሕፃናትን ክብደትና ቁመት ነው። ጡረታው በሴት አያት እጅ ሲገባ አብረው የሚኖሩ ሴት ልጅ ልጆች አካላዊ ዕድገት በግልጽ ተሻሻለ፤ ጡረተኛው ወንድ አያት ሲሆን ግን ይህ አልታየም። በብራዚል እ.ኤ.አ. በ1991 የገጠር ጡረታ ሲሰፋ የተደረገ ጥናትም ተጠቃሚ አረጋዊ ባለበት ቤት የልጃገረዶች ትምህርት ቤት መግባት እንደጨመረ፣ ተጠቃሚዋ ሴት ስትሆን ደግሞ ልጃገረዶቹ ሥራ ላይ መሠማራታቸው እንደቀነሰ አሳይቷል። እነዚህ ውጤቶች ብዙ ጊዜ የሚነበቡት ስለ አያትና ስለ ልጅ ልጅ ተደርገው ነው፤ መካከል ላይ ያለው ሰው ይዘለላል። የልጅ ልጅን ማብላት የልጅን ሸክም ማቅለል ነው። ወተቱን የገዛችው አያት የልጇን ወጪ ሸፍናለች፤ ልጇም ያንን በማስታወሻ ባትጽፈውም በወሩ መጨረሻ ታውቀዋለች። ከወንዱ አያት ጡረታ ለምን ተመሳሳይ ለውጥ እንዳልመጣ ጥናቱ ብቻውን አይነግረንም። አንድ ነገር ግን ያስገነዝባል፤ ገንዘቡ በማን ስም ይወጣል የሚለው መጠኑን ያህል ሊያስጨንቀን ይገባል።

ከዚህ ላይ ብርቱው ተቃውሞ ይነሳል፤ የወላጅ ጡረታ ጎልማሳውን ልጅ ያሰንፈዋል የሚለው። ተቃውሞው ባዶ አይደለም። ማሪያን በርትራንድ፣ ሴንዲል ሙላይናታንና ዳግላስ ሚለር እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ጥናት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከጡረተኛ ጋር አንድ ቤት የሚኖሩ ጎልማሶች፣ በተለይ ወንዶች፣ የሚሠሩበት ሰዓት እንደሚቀንስ አገኘ። እንደወጣ ብዙ ያነጋገረውም ለዚህ ነው፤ እናት በጡረታ፣ ልጅ በአልጋ የሚለውን የሰፈር ሐሜት ያረጋገጠ መሰለ። ጥናቱ ግን ማን ቤት ውስጥ እንዳለ ብቻ ነው ያየው። ካሊ አርዲንግተን፣ አን ኬስና ቪክቶሪያ ሆስጉድ በክዋዙሉ ናታል ያሉ ቤተሰቦችን ከዓመት ዓመት እየተከታተሉ፣ ከቤት የወጡትንም እየቆጠሩ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲያሳትሙ ሥዕሉ ተገለበጠ። ጡረታ ሲገባ የቤተሰቡ ጎልማሶች ሥራ የመያዝ ዕድል ጨመረ፤ ሥራውንም ያገኙት ርቀው በመሄድ ነበር። ምክንያቱ ሁለት ነው። ሥራ ፍለጋ ከተማ የሚገባ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የሚያቆይ ስንቅ ይፈልጋል፤ ትንንሽ ልጆች ያሉት ደግሞ የሚጠብቅለት ይፈልጋል። አያቲቱ ሁለቱንም ሰጠች። የሄዱት ከመዝገቡ ስለወጡ ቤት የቀሩት ብቻ ተቆጠሩና ጡረታ ሥራ ፈት የሚያበዛ መሰለ። ይህን የምለው ሥራ የሚጠላ ልጅ የለም ለማለት አይደለም። ሥራ በሌለበት መንደር የተቀመጠ ወጣት ግን ተቀምጦ የሚቀረው የታክሲና የማደሪያ የሚሰጠው ሲያጣም ነው፤ ይህን ደግሞ በስንፍና ልንከሰው አንችልም።

የበለጸጉት አገሮች ታሪክ አጠር ብሎ ሊነገር ይችላል። ማርቲን ኮሊ የጀርመን አረጋውያንን አጥንቶ እንዳሳየው ግብርም መዋጮም ከሠራተኛው ትውልድ ወደ ጡረተኛው ይወጣል፤ በቤተሰብ ውስጥ ግን ገንዘብ ከአረጋውያን ወደ ጎልማሳ ልጆችና ወደ ልጅ ልጆች ይወርዳል። ሃራልድ ኩነሙንድና ማርቲን ራይን ደግሞ የተለያዩ አገሮችን አነጻጽረው፣ ለአረጋውያን በቂ ገቢ የሚሰጥ ሥርዓት የቤተሰብን መተሳሰብ ከማጥፋት ይልቅ እንደሚያበረታታ ደመደሙ፤ የሚሰጠው ያለው ወላጅ ከልጆቹ እርዳታም ጉብኝትም ያገኛል። ጡረታ የልጆችን ፍቅር ያቀዘቅዛል ለሚሉት መልሱ ይኸው ነው፤ ልጆች ወላጅን የሚጠይቁት ሲቸገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ጀርመኖች ወደ ወላጆቻቸው ቤት ባልሄዱም ነበር። በግሪክ ነገሩ በመከራ ታየ። ከእ.ኤ.አ. 2010 በኋላ በዕዳው ቀውስ የወጣቱ ሥራ አጥነት ከ50 በመቶ ሲያልፍ ብዙ ቤት በአያት ጡረታ ይተዳደር ነበር፤ በዚያው ወቅት አበዳሪዎች ጡረታው ደጋግሞ እንዲቀነስ አስገደዱ። በወረቀት ላይ የተቀነሰው የአረጋውያን ገቢ ነው፤ በተግባር ግን ለሥራ አጡ ልጅ ከነበሩት ጥቂት ድጎማዎች አንዱ ተነሳ። ቻይና ደግሞ ትስስሩን ደንብ አደረገችው። እ.ኤ.አ. በ2009 በጀመረችው የገጠር ጡረታ ያኔ 60 የሞላቸው ያለ መዋጮ መሠረታዊውን ክፍያ እንዲያገኙ ጎልማሳ ልጆቻቸው በሥርዓቱ ተመዝግበው እንዲያዋጡ ተጠይቆ ነበር።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ በ1955 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 209 ሥርዓት ያዘ፤ የግል ድርጅት ሠራተኛ ግን እስከ 2003 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 715 ድረስ መጠበቅ ነበረበት። ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ መጦሪያ ዕድሜው 60 ነው። በ2003ቱ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ አሠራር ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት አገልግሎት የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታሰብ ነበር፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነበር። በዚህ ስሌት 30 ዓመት ያገለገለች መምህርት 55 በመቶ ታገኛለች። አማካይ ደመወዟ 8,000 ብር ነበር ብንል ጡረታዋ 4,400 ብር ይሆናል። አሁን ዕድሜውን እንየው። በ35 ዓመቷ የወለደች ሴት 60 ሲሞላት ልጇ 25 ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ማስታወቂያ የሚያነብበት፣ ቃለ መጠይቅ የሚሮጥበት ወቅት። ልጁ ድጋፍ በጣም በሚፈልግበት ዓመት የቤቱ ገቢ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። በዚያ ላይ ጡረታው ከገበያ ዋጋ ጋር በራሱ አይጨምርም፤ መንግሥት በውሳኔ እስኪያሻሽለው ባለበት ይቆማል፤ ጤፍና ዘይት ግን ውሳኔ አይጠብቁም።

ያቺ 4,400 ብር ባንክ ስትገባ ምን እንደምትሆን ማሰብ ይጠቅማል። ቀለብ፣ መብራት፣ ውሃ፣ የእድር መዋጮ፣ የደም ግፊት መድኃኒት፤ እስከዚህ ድረስ ያለውን ማንኛውም ጥናት የአረጋዊት ወጪ ብሎ ይቆጥረዋል። ከዚያ የማይቆጠረው ይመጣል፤ ሥራ ለሚፈልገው ልጅ የታክሲ፣ የማስረጃ ፎቶ ኮፒ፣ የስልክ ካርድ፤ ያገባችው ልጅ ስትወልድ የገንፎው እህልና ቅቤ፣ አራስ ቤት የሚከርመው የእናት ጉልበት። ትልቁ ግን ሰርቪስ ቤቱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ግቢ ያላት ጡረተኛ ጓሮ ያለችውን አንዲት ክፍል ብታከራይ ከጡረታዋ የሚስተካከል ገንዘብ ልታገኝባት ትችላለች። አታከራያትም፤ ያገባው ልጇ ከነሚስቱ ይኖርባታል። ይህ ስጦታ በማንም መዝገብ የለም፤ ተቀባዩም ስጦታ መሆኑን የሚያውቀው ኪራይ ጠይቆ ሲመለስ ነው። ክፍሏን ሳታከራይ መቆየት የምትችለው ደግሞ ጡረታዋ የእለት ቀለቧን እስከሸፈነላት ድረስ ብቻ ነው። ጡረታው ሲመነምን ልጁ ለኪራይ መዳረጉ ወይም እናት መራቧ የማይቀር ነው፤ አብዛኛዋ እናት የትኛውን እንደምትመርጥ እናውቃለን።

ስለ መራብ ካነሳን የሚቀጥለው ተቃውሞ ከሁሉ ያሳስበኛል። ልጆች ጡረታውን ይቀሟቸዋል፣ አረጋውያን በይሉኝታ ተይዘው ለራሳቸው ሳይቀምሱ ይሰጣሉ የሚለው። እውነት ነው፤ ይፈጸማል። የባንክ ደብተሩን የያዘ ልጅ፣ በጓሮ ያለ ሰካራም ልጅ፣ በውክልና ገንዘብ የሚያወጣ ዘመድ የትም አለ። ይህን የሚያስተካክለው ግን ጡረታን ማሳነስ አይደለም። ገንዘቡ በራሳቸው ስም ሲገባ፣ ውክልናው በየጊዜው ሲታደስና ሲጣራ፣ ባልና ሚስት ሁለቱም የየራሳቸው ሲኖራቸው «አይሆንም» ለማለት አቅም ያገኛሉ። ያለ ጡረታ የቀረ አዛውንት ከልጁ ጋር ሲጋጭ የሚሄድበት የለውም። ሕጉ በዚህ ሚዛናዊ ነው፤ የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቀለብ የመስጠትን ግዴታ በወላጅና በተወላጅ መካከል በሁለቱም አቅጣጫ ያስቀምጠዋል። ችግረኛው ማንም ይሁን ማን፣ ያለው ለሌለው እንዲሰጥ ነው የተጻፈው።

ሦስተኛውን ተቃውሞ ግን በከፊል እቀበለዋለሁ። ጡረታ ወደ ልጅ የሚወርድ ከሆነ ጡረተኛ ወላጅ ያለው ልጅ ይደገፋል፣ የሌለው ይወድቃል። ኢትዮጵያ ውስጥ ጡረታ ያላቸው በመንግሥትና በመደበኛ ድርጅት የተቀጠሩ ናቸው፤ ገበሬው፣ ጉልት ቸርቻሪዋ፣ የቀን ሠራተኛው የላቸውም። ስለዚህ የአሁኑ ጡረታ ቀድሞም የተሻለ ትምህርት ያገኙትን ልጆች ደግሞ ይደግፋል። ጡረታ የሌላት እናት በአንጻሩ ለታናሹ የምትሰጠውን ከታላቂቱ ትወስዳለች፤ ጅዳ ወይም ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራው ልጅ የላከችው ብር በእናቷ እጅ ተከፋፍሎ የወንድሞቿ ኮንዶሚኒየም ቁጠባና የትምህርት ክፍያ ይሆናል። ልጅቷ ስትመለስ የራሷ የሚሆን ጥሪት አታገኝም። ለእናቷ አነስተኛም ቢሆን ቋሚ ገቢ ቢኖራት መጀመሪያ የምታርፈው እሷ ናት። ለዚህ ነው የጡረታን ወደ ታች መውረድ አይቶ «እንግዲያውስ ጡረታን ትተን ለወጣቱ እንስጥ» ከማለት ይልቅ መዋጮ የማይጠይቅ የአረጋውያን ጡረታ ወደሚለው የማዘነብለው። ሌሶቶ እ.ኤ.አ. በ2004 ለ70 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑት ጀምራዋለች፤ ዛንዚባር በ2016 ተከትላለች። ሀብታም አገሮች አልነበሩም።

በገጠር ነገሩ ከገንዘብም ያልፋል፤ መሬት ነውና። ገበሬ ለልጁ የሚሰጠው ዋናው ድጋፍ ቁራሽ ማሳ ነው፤ ልጁ ሲያገባ ይቆርስለታል ወይም አቅሙ ሲደክም በእኩል ያሳርሰዋል። ሌላ የእርጅና ገቢ የሌለው ግን መሬቱን እስከ ሞቱ መያዝ አለበት፤ የሚሸጠው አይደለም፣ ከለቀቀውም የሚጦረው የለም። 30 ዓመት የሞላው ልጅ በአባቱ ማሳ ላይ የጉልበት ሠራተኛ ሆኖ ይጠብቃል፣ ወይም ይሰደዳል። ምዕራብ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1957 ለገበሬዎች ጡረታ ስታወጣ ይህንኑ ችግር አስባ ነበር፤ ጡረታውን ለማግኘት እርሻውን ማስተላለፍ ግዴታ ነበር። ግዴታው ከባድ ነበርና እ.ኤ.አ. በ2018 የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በከፊል ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ወሰነ፤ ድንጋጌውም ተሻረ። እኛ ግዴታውን መውሰድ አያስፈልገንም። ገበሬው የሚተማመንበት ገቢ ካገኘ ማሳውን በፈቃዱ ቀድሞ ሊለቅ ይችላል፤ የሚያርሰውም ልጅ በጉልበቱ ዘመን ይረከበዋል።

አሁን ለገጠር አረጋውያን ያለው ድጋፍ ግን በተቃራኒው የተሠራ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ሴፍቲኔት ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ የሚሰጠው ለመሥራት አቅም ያለው ሰው ለሌለበት ችግረኛ ቤት ነው። ጉልበተኛ ልጅ አብሮ ካለ ቤተሰቡ ወደ ማኅበረሰብ ሥራው ይዞራል። ቀጥታ ድጋፉ የሚገኘው ቤቱ ጎልማሳ ሲያጣ ነው፤ ሽማግሌው ልጁን አጠገቡ ቢያስቀምጥ ይቀርበታል። ለድሃ ቤት ቅድሚያ መስጠት የታሰበበት መሆኑን አልክድም፤ በጀቱ ጠባብ ነው። ነገር ግን በዕድሜ የሚሰጥ ጡረታ ይህን ምርጫ አያስገድድም፤ ልጁ ቢኖርም፣ ከተማ ቢሄድም፣ አግብቶ ጓሮ ቢገባም ያው ነው። ደሃ ወላጅ ለልጁ የሚሰጠው ሲኖረው ምን እንደሚያደርግበት ማስረጃው አሳይቶናል፤ አሁን የበጀት ክርክሩ መቀጠል ያለበት ለልጁ መስጠት የሚያስችለውን ያህል እንዴት እንስጠው በሚለው ላይ ነው።